ፖሊስ ለማን ደረሰ?

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጻፈችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በኬንያ ካቢኔዎች ላይ ነው። ናይሮቢ 20 ዓመት እንደኖርኩ ሰው ነግሯታል። ጥያቄዋ አጭር ነበረች። «ጋሼ፣ ፕሬዚዳንት ኪባኪ በጥር 2008 ካቢኔያቸውን በግማሽ ሰይመው የቀረውን ወንበር ባዶ የተዉት ለዕርቅ አስበው ነው?»

መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። አንድ መስመር ጽፌ ተነሳሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንን ነገር ድሮም ተጠይቄ ነበር። የጠየቀችኝ የቤታችን በር ላይ ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት። ያኔ ሳላመነታ መለስኩላት። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለተማሪዋ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ይሁን። ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የኬንያን ታሪክ በእኛ አቆጣጠር ልጻፍ ካልኩ ይምታታብኛል።

ሥራዬ ዜና መከታተል ነበር። ጋዜጣ አነባለሁ፣ ሬዲዮ አዳምጣለሁ፣ ዋና ዋናውን ወደ አማርኛ መልሼ ለአለቆቼ እልካለሁ። ናይሮቢ የገባሁት በ1993 ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ዳንኤል አራፕ ሞይ ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ ምሳ በሰላም የሚበላ ሚኒስትር አልነበረም። ሹመትም ሽረትም የሚነገረው በመንግሥት ሬዲዮ የ7 ሰዓት ዜና ላይ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ መሆኑን ታውቃላችሁ? «ሳአ ሳባ» ይላሉ፣ 7 ሰዓት ማለት ነው። ሚኒስትሩ መባረሩን ከሾፌሩ እኩል በመኪናው ሬዲዮ ይሰማል። እኔም እርሳሴን ይዤ እጠብቃለሁ።

የሰማሁትን በካርድ ላይ እጽፋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባዬ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ ትቶልኝ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። ከላይ ስም፣ ከሥር ዓመትና ሹመት። የኪባኪ ካርድ ጠርዙ ተበልቶ ነበር። 1963 ፓርላማ ገቡ። 1966 የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር። ከ1969 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የገንዘብ ሚኒስትር። 1978 ምክትል ፕሬዚዳንት። 1988 ወርደው ጤና ጥበቃ። በ1991 መጨረሻ ከመንግሥት ወጡ። በ2002 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከመኪና አደጋ ገና ስላላገገሙ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ነው። የ39 ዓመት ታሪክ በአንዲት የመዳፍ ስፋት ካርድ ላይ ሰፍሯል። ያንን ካርቶን እወደው ነበር። ኬንያን በካርቶኑ ውስጥ የያዝኳት ይመስለኝ ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ካርድ አያስፈልጋችሁም። ስልካችሁን ትጠይቁና ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ይዘረገፍላችኋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ነገራችሁ ደስ አይለኝም። ያለ ድካም የተገኘ ስም አእምሮ ውስጥ አያድርም። ስትጽፉ ደግሞ ትቸኩላላችሁ። አሁን የምነግራችሁ ግን የራሴን ጥድፊያ ነው።

ጥር 8 ቀን 2008 ማክሰኞ ነበር። የገና ማግስት፤ ቤታችን ገና የዶሮ ወጥ ይሸታል። በዓሉን ያከበርነው በር ዘግተን ነው። ምርጫው የተካሄደው ታኅሣሥ 27 ነበር። ታኅሣሥ 30 ኪባኪ አሸነፉ ተባለ፣ በዚያው ምሽት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋ ድምፄ ተሰርቋል አሉ። ከዚያ አገሩ ነደደ። ኪሱሙ፣ ኤልዶሬት፣ ኪቤራ። ከኪሊማኒ ቤታችን ሰገነት ላይ ሆነን የኪቤራን ጭስ እናይ ነበር።

ያን ማክሰኞ የጋናው ፕሬዚዳንት ጆን ኩፉዎር ለሽምግልና ናይሮቢ ይገባሉ ተብሎ ይጠበቃል። ኪባኪ ግን እሱን ሳይጠብቁ በቴሌቪዥን ብቅ አሉ። 17 ስም አነበቡ። የቀሩት ቦታዎች ወደፊት ይሟላሉ ተባለ። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በፍጥነት እጽፋለሁ። ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ካሎንዞ ሙስዮካ። የአገር ውስጥ ጸጥታ፣ ጆርጅ ሳይቶቲ። ገንዘብ፣ አሞስ ኪሙንያ። ፍትሕ፣ ማርታ ካሩዋ። የአካባቢ አስተዳደር፣ ኡሁሩ ኬንያታ። ውጭ ጉዳይ፣ ሞሰስ ዌታንጉላ።

ሲያበቃ 17ቱን ቆጠርኩ። ከዚያ ባዶውን ቆጠርኩ። ፊቴ በራ። ባለቤቴን «ይታረቃሉ፣ ቦታ ትተውላቸዋል» አልኳት። የዕለቱን ዘገባ ስልክም ያንኑ መንፈስ አስገባሁበት።

እንዲህ ያሰብኩት ሳላውቅ አይደለም። ያሳሳተኝ ማወቄ ነው። ካርቶኔ ውስጥ ያለው ታሪክ ደጋግሞ አንድ ነገር ይል ነበር፦ በኬንያ ጠብ በወንበር ይበርዳል። ነጻነት በታኅሣሥ 1963 ሲመጣ ዋናው ተቃዋሚ ካዱ የሚባል ፓርቲ ነበር። ትናንሽ ነገዶች እንዳይዋጡ ብሎ የክልል አስተዳደር እንዲኖር የታገለ ፓርቲ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 1964፣ ራሱን አፍርሶ ገዢው ካኑ ውስጥ ገባ። ከመሪዎቹ አንዱ ሞይ ናቸው። ወዲያው የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1967 ምክትል ፕሬዚዳንት። ጆሞ ኬንያታ በነሐሴ 1978 ሞምባሳ ላይ ሲያርፉ አገሩን የተረከቡት እኒሁ የትናንቱ ተቃዋሚ ናቸው። ከዚያ ደግሞ 2001። ራይላ በሞይ ዘመን ለዓመታት ሳይፈረድባቸው ታስረዋል። በሰኔ 2001 ያው ሞይ የኃይል ሚኒስትር አደረጓቸው። ይህንን ሁሉ በእጄ ጽፌዋለሁ። ታዲያ 2008 ለምን ይለያል ብዬ አሰብኩ።

እዚያው ካርቶን ውስጥ ሌላም ታሪክ ነበር። እሱን አላወጣሁትም። በ2002 የኪባኪና የራይላ ወገኖች ካቢኔውን እኩል ለመካፈል በጽሑፍ ተስማምተው ነበር። በጥር 2003 ካቢኔው ሲሰየም የራይላ ሰዎች ተበደልን አሉ፣ ቁርሾው ከዚያ ጀመረ። በኅዳር 2005 የሕገ መንግሥት ረቂቅ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ማንበብ የማይችለው እንዲመርጥ «አዎ» ሙዝ፣ «አይ» ብርቱካን ተደረገ። ብርቱካን አሸነፈ። ኪባኪ በ2 ቀን ውስጥ ከምክትላቸውና ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በስተቀር ካቢኔውን በተኑ። አዲሱ ሲሰየም የብርቱካን ሰዎች ውጭ ቀሩ። እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ማታ የ1964 እና የ2001 ካርዶች ትዝ ሲሉኝ የ2003 እና የ2005 ትዝ አላሉኝም። ዕርቅ ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ልጆቼ ትምህርት ቤት ከሄዱ ሰንብተው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማማ መጣች። ኬንያ ውስጥ ጎመን የምትሸጥ ሴት «ማማ ምቦጋ» ትባላለች፣ የአትክልት እናት እንደማለት። እኛ ማማ ብቻ እንላታለን። ሱኩማ ዊኪ የሚባለውን ጎመን እየቀነጠሰች፣ በደቃቁ እየከተፈች በፌስታል ትሸጣለች። ቢላዋዋ ሲሮጥ ዓይኗ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። እንደ ራይላ ሉዎ ናት፣ አገሯ በምዕራብ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወዲህ። እኔን ምዜ ትለኛለች፣ ሽማግሌው። በስዋሂሊ አንቱታ የለም፤ አክብሮቱ ምዜ በምትለው ቃል ውስጥ ነው።

ያን ቀን ቢላዋዋን አላወጣችም። ታናሽ ወንድሟ ናይቫሻ አበባ እርሻ ውስጥ ይሠራል። ጽጌረዳ ቆራጭ ነው። ናይቫሻ ብዙ ኪኩዩ፣ የኪባኪ ነገድ፣ የሚኖርባት ከተማ ናት። የአገሩ ልጆች የጭነት መኪና ተከራይተው ወደ ምዕራብ ሊሸሹ ነው፣ ለእሱም ቦታ ይዘውለታል። ዛሬ ማታ ካልወሰነ ያልፈዋል። በሌላ በኩል ወሩ ጥር ነው። ለየካቲት 14 የፍቅረኞች ቀን አውሮፓ የሚሄደው ጽጌረዳ የሚቆረጠው በእነዚህ ሳምንታት ነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገኘውም ያኔ ነው። ትቶ ከሄደ ሥራውን ያጣል።

«ምዜ፣ አንተ ዜና ታውቃለህ። ካቢኔው ምን ይላል?» አለችኝ።

የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። 15 ዓመት ካርድ ስሞላ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። 17 ብቻ እንደተሾሙ፣ የቀረው ለራይላ ሰዎች እንደሚሆን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ጠየቀች።

«ፖሊስ ለማን ደረሰ?»

«ለሳይቶቲ» አልኳት።

«ገንዘቡስ?»

«ለኪሙንያ።»

«ፍርድ ቤቱስ?»

«ፍትሕ ሚኒስቴር? ለካሩዋ። ግን ማማ፣ ገና ብዙ ወንበር ባዶ ነው።»

አንገቷን ነቀነቀች። ክርክር አልገጠመችኝም። የተማረ ያለችው ሰው ነግሯታል። ስልኳን አውጥታ እዚያው በሩ ላይ ደወለች። በሉዎ ቋንቋ ስለነበር አልሰማኋትም። እንዲቆይ እንደነገረችው ግን ገባኝ። ከዚያ ቢላዋዋን አውጥታ ጎመኑን መክተፍ ጀመረች።

ልጆች፣ እኔ የቆጠርኩት ባዶውን ነው። እሷ የጠየቀችው የተያዘውን ነው። ሦስቱም መልስ በእኔ እጅ ነበር፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ። ራይላ ፓርላማ ውስጥ 99 ወንበር፣ የኪባኪ ፓርቲ 43 ብቻ እንዳገኘ አውቃለሁ። ምክትል ፕሬዚዳንትነቱ በምርጫው ሦስተኛ ለወጣው ሰው እንደተሰጠ አውቃለሁ። ያንን ሁሉ እያወቅኩ ወንበር ቆጠርኩ። አንዲት ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት በ3 ጥያቄ የተነተነችውን እኔ አላየሁትም።

ጥር 22 የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ለሽምግልና መጡ። ጥር 24 ኪባኪና ራይላ በአደባባይ ተጨባበጡ። ያን ፎቶ ሳይ ማማን «አላልኩሽም?» አልኳት። አዎ፣ ብያታለሁ። በዚያው ሰሞን ናኩሩ ተቀጣጠለች። ጥር 27፣ እሑድ፣ ናይቫሻ ተራዋ ደረሰ። አንድ ቤት ውስጥ የተሸሸጉ 19 ሰዎች ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ። ሕፃናትም ነበሩባቸው።

ወንድሟ ተረፈ። በሳምንቱ ናይሮቢ አመጣችው፣ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኩት። አንድ ክፍል ናት፣ በመጋረጃ የተከፈለች። ቀኝ እጁ በነጭ ፋሻ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ገጀራው ሲመጣ ፊቱን ሊከልል አንስቶት ነው። ፋሻው ሲፈታ ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። ጽጌረዳ የሚቆረጠው አንድ እጅ ግንዱን ይዞ፣ ሌላው መቀስ እየጨበጠ ነው። መቀስ የሚይዘው እጁ ነበር። ማማ ሻይ በወተት አፍልታ አቀረበችልኝ። ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልተነፈስኩም። ሻዩን ጠጥቼ፣ ብር ትራሱ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

ይቅርታ ያልኳት ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልገባ ስሰናበታት ነው። ጎመኑን እያየች መለሰችልኝ። «እኔም እኮ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር። ደመወዙ ያስፈልገን ነበር» አለች። ይህ መልስ ይቅለለኝ ይክበደኝ ዛሬም አልለየሁትም።

ለተማሪዋ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ አይ፣ ለዕርቅ አልነበረም። ለዕርቅ ቢሆን ኖሮ ባዶ የሚተወው የገንዘብና የጸጥታ ወንበር ነበር። ሽምግልናው ሳይጀመር ዋና ዋናውን መያዝ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ባዶ ቦታ ኋላ መጥቀሙ አልቀረም። በየካቲት 28 ስምምነቱ ሲፈረም ራይላ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተወሰነ፣ የእሳቸውን ሰዎች የሚያስገቡበት ክፍተትም ነበር። እሱም አልበቃ ብሎ ሚኒስቴሮቹ ተሰነጠቁ። ጤና ለሁለት፣ መንገድና ሕዝባዊ ሥራዎች ለየብቻ፣ እንስሳት ሀብትና ዓሣም ለየብቻ። ሚያዝያ ላይ 40 ሚኒስትሮች ተሾሙ። እስከዚያ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ካቢኔው ከ14 አያንስም፣ ከ22 አይበልጥም፣ ሚኒስትሩም የፓርላማ አባል አይሆንም ይላል። ያንን የ40 ሰው ፎቶ ያየ ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ አይጠፋውም። ከእንግሊዝ የተወረሰው፣ ሚኒስትርን ከፓርላማ ወንበር ላይ የማንሳት ልማድ በዚያ አበቃ።

ስም በትክክል ጻፉ፣ ቀን አመሳክሩ ብዬ አልመክራችሁም። ለዚህ አስተማሪዎቻችሁ ይበቃሉ። ዝርዝር አትሸምድዱ ልላችሁም ነበር። ግን የኪባኪን ካርድ ያለ ጽሑፍ መናገር ባልችል ኖሮ ይህንን ደብዳቤ እንዴት እጽፈው ነበር? ሸምድዱት። ከሸመደዳችሁ በኋላ ግን ዝርዝሩን ይዛችሁ ልጁ ናይቫሻ ወዳለበት ሰው ሂዱ።

ናይሮቢ የሄደ ሰው ካለ ደግሞ ሞይ ጎዳና ላይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ይጎብኝ። ጆሴፍ ሙሩምቢ ከነጻነት በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1966 ደግሞ ለጥቂት ወራት ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ዕድሜውን መጽሐፍና የአፍሪካ ቅርስ ሲሰበስብ ኖረ፣ ስብስቡ እዚያ ይታያል። በዚያው ጎዳና፣ ያኔ ገቨርመንት ሮድ ይባል ነበር፣ ቶም ምቦያ ሚኒስትር ሳለ በሐምሌ 1969 ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። የምሳ ሰዓቴን ብዙ ጊዜ ያሳለፍኩት እዚያ ሰፈር ነው። ሁለቱም ከመጀመሪያው የነጻነት መንግሥት ሰዎች ነበሩ። የአንዱ ካርድ «ለቀቀ»፣ የሌላው «ተገደለ» በሚል ቃል ያልቃል። ከዚያ ሥር ምንም የለም።

ስለ እናንተ ትቸኩላላችሁ ብዬ ነበር። በሰኔ 2024 ናይሮቢ አደባባይ የወጡት ልጆች ግን አፌን አስያዙኝ። የግብር ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አንብበው፣ በየቋንቋቸው ተርጉመው፣ በዚያው በምንወቅሰው ስልክ አሰራጩት። ሰኔ 25 ከእነሱ መካከል በርካታ ተገደሉ። ሐምሌ 11 ፕሬዚዳንት ሩቶ ከዋና ካቢኔ ጸሐፊው ከሙሳሊያ ሙዳቫዲ በስተቀር ሚኒስትሮቻቸውን በሙሉ አሰናበቱ። የምክትላቸውም ወንበር አልተነካም። የማማ ወንድም ልጅ ከወጡት አንዷ ናት። ናይቫሻ ሲነድ የ3 ዓመት ልጅ ነበረች።

ያን ቀን ማማ በዋትስአፕ ደወለችልኝ። አሁንም ጎመን ትሸጣለች። «ምዜ፣ ሁሉንም አባረሯቸው! ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ስሞቹ ሲወጡ እደውልልሻለሁ አልኳት። በዚያው ወር ስሞቹ በየተራ ሲወጡ ጻፍኳቸው፣ ደወልኩላት። ስትጠይቅ አልጠበቅኩም። «ፖሊሱ እዚያው ኪንዲኪ ዘንድ ቀርቷል። ገንዘቡ ለራይላ ሰው፣ ለምባዲ ተሰጥቷል» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ገንዘቡን ሳይሆን ዕዳውን ነው የሰጧቸው» አለች።

ጻፍኩት። ካርዱ ላይ፣ ከምባዲ ስም ሥር። ከዚያ ወንድሟን ጠየቅኳት። እዚያው ናይሮቢ የሌሊት ጥበቃ ሆኗል። ሐምሌ ስለሆነ፣ ብርድ ሲሆን እጁን ያመዋል አለችኝ።